ከጉዞው የጎደለው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ት/ቤታችን ወጣቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች!

በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ላይ ሳይሆን በጓዳና በገበያ ውስጥ የሚነሣ ነው። ይኸውም ስለ ቤተሰብ አስቤዛ፣ ስለ ቁጠባና ከጓደኞቻችን ጋር ስለምናደርገው ሽርሽር ነው። «ይህ ደግሞ ምን መንፈሳዊነት አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሳምንት ውስጥ በቤተ ክርስቲያን የምንቆይባቸው ሰዓቶች ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ገንዘብ ወደ እጃችን የሚገባውና ከእጃችን የሚወጣው ግን በየቀኑ ነው። እምነታችን ሽንኩርት ስንገዛ ከእኛ ጋር ከሌለ በመዝሙር ሰዓት ብቻ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ አስቀድመን የከተማችንን ስም እናስታውስ። አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጌታችን ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ ተሰይማ ነበር። በ1992 ዓ.ም. (2000 እ.ኤ.አ.) የቀድሞው ስሟ በይፋ ተመልሶላታል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ናዝሬት እያሉ የሚጠሯት ብዙዎች ናቸው። ይህን ያነሣነው ስለ ስሙ ለመከራከር አይደለም። የገሊላዋ ናዝሬት ስለ ዛሬው ርእሳችን ሁለት ነገር ስለምታስተምረን ነው።

አንደኛው የመሥዋዕቱ ነገር ነው። ጌታ በተወለደ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ሲወሰድ የቀረበው መሥዋዕት በግ አልነበረም፤ ሕጉ በግ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው የፈቀደው የዋኖስ ወይም የርግብ ጥንድ ነበር እንጂ (ዘሌ. 12፥8፤ ሉቃ. 2፥24)። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ «ሰው ምን ይለናል» ብለው በግ ለመግዛት አልተበደሩም። እንደ አቅማቸው አቀረቡ፤ እግዚአብሔርም ተቀበለ። ደግሞም ሕጉ ራሱ ለድኃው ስፍራ ትቶለት እንደ ነበር ልብ በሉ። በግ የሌለው ሰው ከቤተ መቅደሱ ደጅ እንዲመለስ አልተደረገም።

ሁለተኛው የመንገዱ ነገር ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ከናዝሬት ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣ ነበር። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዳማ ተነሥቶ አዲስ አበባ በእግር እንደ መድረስ ያህል ማለት ነው። የሚጓዙትም ለብቻቸው ሳይሆን ከዘመድና ከወዳጅ ጋር በአንድነት ነበር። ጌታ 12 ዓመት በሆነው ጊዜ፣ ከበዓሉ ሲመለሱ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ። እነርሱም ከጉዞው ሰዎች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ባጡት ጊዜ ግን ወደ ኋላ ተመልሰው ሲፈልጉት ቆይተው በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ አገኙት (ሉቃ. 2፥41-46)። ጌታ በአባቱ ቤት ነበረ እንጂ እንደ ሌላ ልጅ የጠፋ አልነበረም። እኛ ግን ከፈላጊዎቹ የምንማረው አለን። «ስንቅ አልቋል፣ ሌሎቹም ቀድመውናል» ብለው መንገዳቸውን አልቀጠሉም። አንድ እንደ ጎደለ ሲያውቁ ተመለሱ።

የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ የተወሰደ ነው። ስንገዛም፣ ስንቆጥብም፣ ስንዝናናም ልንጠይቀው የሚገባን፦ ከጉዞው የጎደለው ማን ነው?

ሀ. ስለ አስቤዛ

የወር አስቤዛ የሚባለውን ነገር እስቲ በእናቶቻችን ዓይን እንየው። ደመወዝ ሲመጣ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውኃ፣ የእድርና የትምህርት ቤት ወጪ ይቀነሳል፤ ከዚያ የቀረው ነው ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ከሰልና ሳሙና የሚሆነው። ጤፉ ማኛ ይሁን ወይስ ሰርገኛ? ዘይቱ 5 ሊትር ይገዛ ወይስ 1 ሊትር? ታናሹ ልጅ ጫማው አልቋል፤ ጫማው ይቅደም ወይስ በርበሬው? ይህ ሁሉ ስሌት ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በአንዲት እናት ራስ ውስጥ ይሠራል። እኛ በዩኒቨርሲቲ ከምንማረው ሒሳብ የሚያንስ አይደለም።

አዳማ ለገበያ የታደለች ከተማ ነች። የአድአና የሉሜ ጤፍ፣ በአዋሽ ዳር የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከመቂና ከዝዋይ (ባቱ) የሚመጣው አትክልት ሁሉ በዙሪያዋ ነው። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ አንድ የሽንኩርት ዝርያ እንኳ «አዳማ ቀይ» ተብሎ በከተማችን ስም ይጠራል። ስኳሩም ከ1946 ዓ.ም. (1954 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን በወንጂ ይመረታል። ሆኖም በደጃችን የተመረተ ሁሉ በርካሽ ይገኛል ማለት አይደለም። ነጋዴው ዕቃውን ወደ ሌላ ከተማ ጭኖ ቢሸጠው የሚያገኘውን ዋጋ ያስባል፤ የመኪናው ነዳጅና የገበሬው ማዳበሪያም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዶላር በዓይኗ አይታ የማታውቅ እናት በዘይቱ ዋጋ ላይ አገኘችው።

ታዲያ የእኛ የወጣቶች ድርሻ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የቤታችንን አቅም ማወቅ ነው። በብዙ ቤት ወላጆች ችግሩን ከልጆቻቸው ይሸሽጋሉ። አባት «ቁርስ በልቻለሁ» ብሎ ይወጣል፤ እናት «እኔ እንኳ ሥጋ አልወድም» ትላለች። ልጅም ይህን እውነት መስሎት አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ጫማ ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ቤት ከማዕዱ የጎደሉት ወላጆች ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ «እማዬ፣ በዚህ ወር ምን ጎደለ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ከብዙ ቃል ይልቅ ወላጅን ማክበር ነው።

ሁለተኛ፣ ዘንቢሉን መያዝ ነው። ገበያ መሄድ የእናቶችና የእኅቶች ሥራ ብቻ ነው የሚል ትእዛዝ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። ወንድሞች፣ በጉባኤ ፊት ቆመን ከበሮ የምንመታበት ክንድ አንድ ኩርቱ ፌስታል ሽንኩርት ለመሸከም አያንስም።

ሦስተኛ፣ አገዛዝን መማር ነው። በደንብ የደረቀ ሽንኩርት በዛ ብሎ ቢገዛ፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ተሰጥቶ ይቆያል። ቲማቲም ግን ርካሽ ተገኘ ተብሎ በሣጥን ቢገዛ በአዳማ ሙቀት ግማሹ ሳይበላ ይበሰብሳል፤ ርካሹም ውድ ሆነ ማለት ነው። ጤፍ አዲሱ ምርት በሚገባበት ወራት ከ3 ወይም ከ4 ጎረቤት ጋር ሆኖ በኩንታል ገዝቶ መካፈል፣ በየሳምንቱ በኪሎ ከመግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም አዲስ ዘዴ አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ 28 ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሸማኔዎች የሆኑ፣ ጥቂት በጥቂት አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ደንባቸውም ያልተበረዘ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን መሸጥ ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ የምናያቸው የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሐሳባቸው ከዚያች ሱቅ ጋር ይዛመዳል። ብቻውን ሲገዛ የሚጎዳ ደካማ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲገዛ ይጠቀማል።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ርካሽ ፍለጋው ሌላውን ድኃ የሚጎዳ ከሆነ ቁጠባ መሆኑ ይቀራል። በጉልት ላይ አንዲት እናት ቲማቲሟን በመደብ በመደብ አድርጋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ላይ 5 ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው፣ በማግሥቱ ካፌ ገብቶ መልሱን ሳይቆጥር ሲነሣ ይታያል። ጠቢቡ ሰሎሞን ገዢ በሻጩ ፊት ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው እንደሚመካ ታዝቦ ጽፏል (ምሳ. 20፥14)። በገበያ መከራከር ወግ ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እርሷም የራሷ አስቤዛ አለባት፤ ከዚያች ትርፍ ዳቦ ይዛ እንድትገባ የሚጠብቋት ልጆች አሉ። ከዋጋው በታች ስናስወርዳት ከጉዞው የምትጎድለው እርሷ ነች።

ለ. ስለ ቁጠባ

ቁጠባ ስንል ንፉግነት ማለታችን አይደለም። ንፉግ ገንዘቡን ከሰው ይጠብቃል፤ ቆጣቢ ግን ገንዘቡን ለሰው ይጠብቃል። ጌታችን በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ምን አዘዘ? የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ (ዮሐ. 6፥12)። ጥቂቱን እንጀራ ማብዛት የሚችል አምላክ ፍርፋሪ ካስሰበሰበ፣ እኛ በደሞዝ የምንኖር ሰዎች በየማዕዱ የምንደፋው እንጀራ ምን ይባላል? ደግሞም ቅደም ተከተሉን እንመልከት። መጀመሪያ ሁሉም በላ፣ ጠገበም፤ የተረፈው የተሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ተርቦ ሳለ ማከማቸት ንፍገት ነው፤ ሰው ከጠገበ በኋላ መጣልም ብክነት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በጾም ይህንኑ ታስተምረናለች። ከ7ቱ አጽዋማት መካከል ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች ለሥጋ፣ ለወተትና ለቅቤ ይወጣ የነበረው ገንዘብ የት ገባ? አባቶቻችን በጾም የተረፈው ለድኃ ሊሰጥ እንደሚገባ አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር በሰበከ ጊዜ፣ ካለን ላይ ለድኃ አለማካፈል እንደ መስረቅ የሚቆጠር መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ 55 ቀን የቆጠብነውን በፋሲካ ዕለት በአንድ ጊዜ ብናወጣው፣ ከዚያም አልፈን «ከጎረቤት እንዳናንስ» ብለን ለበግ ብንበደር፣ ጾማችን የሆድ ዕረፍት ብቻ ሆነ ማለት ነው። የናዝሬቱ ቤተሰብ ርግብ ማቅረቡን እዚህ ላይ እናስታውስ። በዓል ያለ ዕዳም በዓል ነው።

ስለ ዕዳ ከተነሣ፣ ነቢዩ ኤልሳዕ ዘይቷ የበዛላትን መበለት ያዘዛት ነገር ለእኛ ለተማሪዎችም ይጠቅማል። ዘይቱን ሸጣ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት (2ኛ ነገ. 4፥7)። ተአምር በተደረገበት ቤት እንኳ ሒሳብ በሥርዓት ይሠራል። ስለዚህ ከቤት የሚላክልንን ገንዘብ በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ «ገቢ» እና «ወጪ» ብለን እንጻፍ። መጀመሪያ የተበደርነውን እንመልስ፤ ቀጥሎ ለምግብና ለትምህርት የሚያስፈልገውን እንለይ፤ ጥቂትም ብትሆን ለተቸገረ የምትሆን አንዲት መስመር በደብተሩ ላይ ትኑር። ያች መስመር የሌለችበት ደብተር የንፉግ ደብተር ሊሆን ይችላል።

ሐ. ስለ ሽርሽር

በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ወጣቶች እግዚአብሔር ብዙ የመዝናኛ ስፍራ ሰጥቶናል። ሶደሬ ፍል ውኃ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ቢሾፍቱ ቢኬድ ሆራ አለ፤ ወደ ደቡብ ቢወረድ የላንጋኖ ሐይቅ አለ። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት 5 ደሴቶች በአንዱ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ በዚያ እንደ ቆየች ይተረካል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሆነው ደብረ ዝቋላም ከቢሾፍቱ ማዶ ከፍ ብሎ ይታያል። በአንድነት መሄድ፣ መዘመር፣ መሳቅ መልካም ነው። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ ተገኝቷል፤ ደስታን የሚጠላ አምላክ የለንም።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ። የጉዞ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ «ትራንስፖርትና ምሳን ጨምሮ ይህን ያህል ብር» ይላል። ያላቸው ቶሎ ይመዘገባሉ። ሌሎቹ «እስቲ ላስብበት» ይላሉ። ቀኑ ሲቃረብ አንዱ «ጉዳይ አለብኝ»፣ አንዷ «እማዬን አሟታል»፣ ሌላው «ፈተና ደርሶብኛል» ይላል። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ገንዘቡ ነው። ጉዞው ይደረጋል፤ ፎቶግራፉ በየስልኩ ይዘዋወራል፤ የቀረው ወንድም ዝም ብሎ ያያል። በሁለተኛው ጉዞም ይቀራል። ከዚያ ከመዝሙር ጥናት መቅረት ይጀምራል። ቆይተንም «እገሌን እኮ ዓለም ወሰደው» እንላለን። ከዓለም በፊት የአውቶቡሱ ዋጋ ወስዶት ሊሆን ይችላል።

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የገሠጻቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ጉባኤ ተሰብስበው ሳለ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይጠጣል፤ በዚህም ምንም የሌላቸውን ያሳፍሩ ነበር (1ኛ ቆሮ. 11፥21-22)። እንግዲህ የጉዞ ዋጋ መወሰን ቀላል የጽሕፈት ቤት ሥራ አይደለም። ማን በጉባኤው እንደሚኖርና ማን እንደሚቀር የሚወሰንበት ነው።

ምን ይደረግ? እስቲ ለምሳሌ ያህል 40 አባላት ያሉት አንድ ክፍል እንውሰድ። ዋጋው ለአንድ ሰው 1,000 ብር ቢሆን የሚመዘገቡት 25 ብቻ ናቸው እንበል። ምሳ ከሆቴል ማዘዝ ቀርቶ እንጀራው፣ ሽሮውና ድፎ ዳቦው ከየቤቱ ቢመጣ፣ ሩቅ መሄድም ቀርቶ ቅርብ ቦታ ቢመረጥ፣ ዋጋው 400 ብር ሊወርድና 35 ሰው ሊከፍል ይችላል እንበል። የቀሩት 5 ሰዎች ድርሻ 2,000 ብር ነው። ይህ ለ35 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 58 ብር አይሞላም። 50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለ50 ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው።

«ተከፈለልህ ቢባል ያፍራል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ስለዚህ አሠራሩ ማንንም የማያሳፍር ይሁን። መዋጮው በታሸገ ፖስታ ይሰጥ፤ ስም አይጻፍበት፤ «ያልከፈላችሁ» ተብሎ በጉባኤ ፊት አይጠራ። ምግቡም በአንድ ላይ ቀርቦ ይባረክ፤ ይህ ከማን ቤት መጣ አይባል። «ያለው እንዳይዝናና ለምን ይከለከላል?» የሚልም ይኖራል። ማንም አልተከለከለም፤ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፈለገበት ይሂድ። የሰንበት ት/ቤት ጉዞ ግን የሁሉ ስለሆነ ሁሉ የሚደርስበት ይሁን።

ከጥቂት ጓደኞች ጋር ስንሆንም ይኸው ነው። በካፌ «ዛሬ በኔ» ተባብሎ ሒሳብ ለመክፈል መሻማት የአገራችን ደግ ባሕል ነው። ነገር ግን ነገ ተራው የሚደርሰውና ኪሱ ባዶ የሆነ ጓደኛ ያን ደግነት ይፈራዋል፤ ቀስ በቀስም ከእኛ ይሸሻል። ቡና የግድ በካፌ አይጠጣም። በአንዳችን ቤት ይፈላ፣ ቆሎ ይቆላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላው ቤት ይሁን። እናቶቻችንም ጓደኞቻችንን ያውቋቸዋል፤ ይህ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው።

ዝቋላን በእግር የወጣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ጎበዙ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ባሉበት ጉዞ ግን የሁሉም እርምጃ የሚለካው በደካማው እርምጃ ነው። አባታችን ያዕቆብም ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በተገናኘ ጊዜ እንዲህ አደረገ። ዔሳው አብረን ቶሎ እንሂድ ሲለው፣ ልጆቹ ገና ለጋ እንደሆኑና መንጋውም የሚያጠቡ እንዳሉበት ነግሮት፣ በእነርሱ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚከተል አስረዳው (ዘፍ. 33፥13-14)። ያዕቆብ መፍጠን አቅቶት አልነበረም። ቢፈጥን የሚጎድልበትን ስላወቀ ነው።

የተወደዳችሁ! ከዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ብቻ ይዘን እንሂድ። በመጪው ወር አስቤዛ ከመገዛቱ በፊት ወላጆቻችንን «ምን ጎደለ?» ብለን እንጠይቅ፤ ዘንቢሉንም ይዘን እንውጣ። የሚቀጥለው የጉዞ ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ የተመዘገቡትን ብቻ አንቁጠር፤ ያልተመዘገቡትን ስም በስም እናንብብ፤ ሁለት ሁለት ሆነንም ወደ ቤታቸው እንሂድ። የአንድ ቀን መንገድ መመለስ ቢያስፈልግም ናዝሬታውያኑ ተመልሰዋልና እኛም እንመለስ።

ደካሞችን በትከሻው የሚሸከም ቸሩ እረኛ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቤታችንን በበረከቱ ይሙላልን፤ በጉዟችን ሁሉ አንድ እንኳ ሳይጎድል ወደ መንግሥቱ ያግባን። የእመቤታችን ምልጃ፣ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።